በመሀል የተዘለለችው ዲትሮይት፦ «ቴክኖ ቀለም የለውም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ሁለቱ «አንተ በርሊን ስለምትኖር ይመለከትሃል» ብለው ነው የላኩልኝ። ርዕሱ «ቴክኖ ቀለም የለውም» ይላል። ቴክኖ በድራም ማሽንና በሲንቲሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ) የሚሠራ የዳንስ ሙዚቃ ነው። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው ግን የተለፋበት ነው፤ አማርኛቸውም ይጥማል። ብዙ ሰው የተቀበለውም ለዚህ ይመስለኛል። ውስጡ ያለው አብዛኛው ነገር ስህተት ነው ብዬ ስለማምን ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ያላሉትን አሉ እንዳልል ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የሚሉት ይኼ ነው። ቴክኖ የጀርመን ሙዚቃ ነው፤ ክራፍትቨርክ የሚባለው ቡድን ወለደው፣ የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች ቀድተው ተጫወቱት። ማሽን ዘር የለውም፣ ቴክኖም ግጥም ስለሌለው ማንነትን ሊሸከም አይችልም፤ ስለ ጥቁርነት የሚወራው በኋላ የተለጠፈበት ፖለቲካ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው ትተውት ወደ ሂፕሆፕ ሄደዋል፤ ስለዚህ ሙዚቃው ያሳደጉት የአውሮፓውያን ነው። ስልቱም በየአሥር ዓመቱ ስለሚለዋወጥ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ትርጉም የለውም። በመጨረሻ ወደ እኛ ይመጣሉ። ማሲንቆና ከበሮን ከኮምፒውተር ጋር የሚያዋህዱ የአዲስ አበባ ልጆች የሰው ባህል ለብሰው የራሳቸውን እየጣሉ ነው ይላሉ።

በጽሑፉ መሀል አንድ ሥዕል አለ፤ የዘመን መስመር ነው። በ1974 ክራፍትቨርክ «አውቶባን»ን አወጣ ይላል። ቀጥሎ ያለው ነጥብ 1989 ነው፤ የበርሊን ግንብ ፈረሰ። ከዚያ 1991፤ ክለቦቹ ተከፈቱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከ1974 እስከ 1989 ድረስ ባዶ ነው። አሥራ አምስት ዓመት። እኔ የምለው ነገር አብዛኛው ያለው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው።

ከክራፍትቨርክ ልጀምር። ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የዱሰልዶርፉ ቡድን ዲትሮይት ውስጥ በጣም ይደመጥ ነበር። ይህን ከማንም በፊት የሚመሰክሩት የዲትሮይት ሙዚቀኞች ናቸው። ዴሪክ ሜይ ሙዚቃቸውን ሲገልጽ፣ ጆርጅ ክሊንተንና ክራፍትቨርክ አንድ አሳንሰር ውስጥ ተዘግቶባቸው አንድ ሲኩዌንሰር (ኖታዎችን በተርታ እየደጋገመ የሚያጫውት ማሽን) ብቻ በእጃቸው እንዳለ ነው ያለው። ጸሐፊው ይህን አባባል ጠቅሰዋል። ግን ክራፍትቨርክን ወስደው ክሊንተንን ትተውታል።

ክሊንተንን መተው ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየው ፓርላመንትና ፈንካደሊክ የሚባሉት ጥቁር የፈንክ ባንዶች መሪ ነው። በ1978 ተወዳጅ የሆነውን «ፍላሽ ላይት» አድምጡት። ያ የሚንከባለለው ባስ የባስ ጊታር አይደለም። በርኒ ዎረል በሞግ ሲንቲሳይዘር ነው የተጫወተው። የዲትሮይቱ ሙዚቀኛ ሁዋን አትኪንስ በጉርምስናው የሰማው እንዲህ ያለውን ነው። አያቱ ኮርግ ኤምኤስ-10 ሲንቲሳይዘር ገዙለት። ከቬትናም ጦርነት ከተመለሰው ከሪክ ዴቪስ ጋር ሳይቦትሮን የሚባል ቡድን አቋቋመ። በ1981 የመጀመሪያውን ሸክላ አወጡ፤ በ1983 «ክሊር»ን። በ1985 አትኪንስ ሜትሮፕሌክስ የሚባል የራሱን አሳታሚ ከፍቶ፣ በሞዴል 500 ስም «ኖ ዩፎስ»ን አቀረበ። ይህ ሁሉ የሆነው የበርሊን ግንብ ገና ቆሞ ሳለ ነው።

ክራፍትቨርክን በዲትሮይት ጥቁር ሰፈሮች ያስለመደው ማን ነው? ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ የሚባል ጥቁር የራዲዮ ሰው ነው። በአንድ ምሽት ፓርላመንትን፣ ፕሪንስን፣ ክራፍትቨርክን እያከታተለ ያጫውት ነበር። ልጆቹ ይህንን እየሰሙ ነው ያደጉት። ክራፍትቨርኮችስ ምን ይሰሙ ነበር? ካርል ባርቶስ እንደተናገረው የጀምስ ብራውንና የሞታውን አድናቂዎች ነበሩ። ሞታውን የሚባለው የጥቁሮች የሙዚቃ አሳታሚ በ1959 የተመሠረተው ዲትሮይት ውስጥ ነው። ድምፁ ከዲትሮይት ዱሰልዶርፍ ሄዶ እንደገና ወደ ቤቱ ተመልሷል ማለት ነው።

ደግሞስ ከሰው መስማት መቅዳት ከሆነ እኛ ምን ሊተርፈን ነው? ሳክስፎንን የሠራው ቤልጂጋዊ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ የናስ ባንድ ሆኑ። ጌታቸው መኩሪያ ያንን ሳክስፎን አንስቶ ሽለላና ፉከራ ሲያስጮኸው የሰማ ሰው፣ «ይኼማ የቤልጂግ ሙዚቃ ነው» ይላል? አይልም። መሣሪያው የመጣበትን አገር እናውቃለን፤ ሽለላው የማን እንደሆነም እናውቃለን። ለዲትሮይት የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ ልሂድ። የጽሑፉ እምብርት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

«ማሽን ዘር የለውም» የሚለው እውነት ነው። ክራርም እንጨትና ጅማት ነው፤ ዘር የለውም። ነገሩ ያለው እጅ ላይ ነው። ሮላንድ ቲቢ-303 የሚባለው ማሽን የተሠራው ብቻውን ለሚለማመድ ጊታረኛ ባስ እንዲያጅብለት ነበር። ገበያ አልወጣለትም፤ በርካሽ ይሸጥ ጀመር። የቺካጎ ጥቁር ልጆች ገዝተው ቁልፎቹን እያጠማዘዙ ከማሽኑ ያልታሰበ የሚጮህና የሚያለቅስ ድምፅ አወጡበት። «አሲድ» የሚባለው ስልት በ1987 የተወለደው እንደዚያ ነው። ፋብሪካው ያላሰበውን ሰዎቹ አሰቡት።

የዲትሮይቱ ዲጄ ጄፍ ሚልስ ቲአር-909 ድራም ማሽንን በቀጥታ ሲጫወት ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ማሽኑ ከጠረጴዛ ላይ ነው። ከሥር አሥራ ስድስት ቁልፎች ተደርድረዋል። ሰውየው አንዱን ይጫናል፣ ሌላውን ያነሳል፣ ጸናጽሉን ይከፍታል፣ የእግር ከበሮውን ለአንድ አፍታ ያጠፋዋል። ያቺ አፍታ ላይ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ይመልሰዋል፤ ክፍሉ ይነሳል። ከበሮ መቺ እስክስታውን ለማጋል እጁን የሚያሳርፍባትን ቅጽበት የሚያውቅ ሐበሻ ይህን ለመረዳት ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ለሰው ሁሉ አንድ ነው። የሚያርፍበትን ቦታ የሚያውቀው ግን ሰው ነው፤ ያንን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከሰፈሩ፣ ከወላጆቹ ሸክላ ነው የተማረው።

ከተማዋም አለች። ዲትሮይት በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። በ2020 የቀረው ከ640,000 ያነሰ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ተዘጉ ወይም ሰው አሰናብተው ሮቦት አስገቡ። ከ1967ቱ ሁከት በኋላ ነጮቹ ወደ ዳርቻ ከተሞች መሸሻቸውን አፋጠኑት። አትኪንስ በአንድ ወቅት፣ ሞታውን የቆመው በፋብሪካው የመገጣጠሚያ መስመር ሥርዓት ነው፤ ዛሬ መኪና የሚሠራው ሮቦት ስለሆነ እኔን የሚስበኝ የፎርድ ሮቦት ነው ብሎ ነበር። ይህ የአባቶቹን ሥራ ማሽን ሲወስድ ያየ ልጅ ንግግር ነው። ማሽኑን አልሸሸውም። ያዘውና አስጨፈረው። ይህ ታሪክ ለማንም የሚሆን ታሪክ አይደለም፤ የአንድ ከተማና የአንድ ሕዝብ ነው።

«ግጥም ስለሌለው ማንነት አይሸከምም» ለሚለው ድሬክሲያ የሚባለውን ቡድን ብቻ ልጥቀስ። ጄምስ ስቲንሰንና ጄራልድ ዶናልድ የሚባሉ የዲትሮይት ሰዎች ናቸው። ለዓመታት ፊታቸውን ሳያሳዩ ሠሩ። በ1997 ባወጡት ስብስብ ላይ በታተመው ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ከባሪያ መርከብ ላይ ወደ ባሕር የተወረወሩ ነፍሰ ጡር አፍሪካውያን ሴቶች ከውኃው በታች ወልደው ይሆን? ልጆቹ አየር ሳያስፈልጋቸው እዚያው አድገው ይሆን? ሙዚቃቸው ሁሉ የዚያ የውኃ ውስጥ ሕዝብ ድምፅ ነው። ዘፈን የለውም ማለት ይቻላል። ግን አንዴ ያንን ጽሑፍ አንብቦ ሸክላውን ያስቀመጠ ሰው፣ የሚሰማው የውኃ ድምፅ ከእንግዲህ የውኃ ድምፅ ብቻ አይሆንለትም። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ክረምት ላይ፣ ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ነው። ወዲያው አሰብኩ፤ ስንት የእኛ ልጆች ሜዲትራኒያን ውስጥ ቀርተዋል። ይህን ያሰብኩት አንድም ቃል ሳይዘፈንልኝ ነው። የእኛ ዋሽንትስ ያለ ግጥም ስንቱን አስለቅሷል!

«በኋላ የተለጠፈ ፖለቲካ» የሚለውም ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ማይክ ባንክስና ጄፍ ሚልስ አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የሚባለውን ቡድን ሲያቋቁሙ ስሙን «የምድር ውስጥ ተቃውሞ» ነው ያሉት። በ1991 ያወጡት ሸክላ ስሙ «ሁከት» ነው። ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር፤ ትልልቅ ኩባንያዎችን አንፈልግም ይሉ ነበር። ፖለቲካውን ማንም አልለጠፈባቸውም። ገና ከጅምሩ ሸክላው ላይ አትመውት ነው የወጡት።

«ሙዚቃው ያሳደጉት የአውሮፓውያን ነው» የሚለውን ሦስተኛውን ነጥብ ስመልስ ለበርሊን የሚገባትን ምስጋና አልነፍግም። እዚህ ነው የምኖረው፤ ከተማዋን እወዳታለሁ። ግንቡ ሲፈርስ በምሥራቁ በኩል ባለቤት የጠፋው ሕንፃ በየቦታው ነበር። በ1991 ዲሚትሪ ሄገማንና ጓደኞቹ ቬርትሃይም የሚባለው የድሮ ትልቅ መደብር የነበረበት ቦታ ላይ፣ ከመሬት በታች ያለውን የካዝና ክፍል ትሬዞር ብለው ክለብ አደረጉት። ለዲትሮይት ሰዎች መድረክ ሰጧቸው፤ የሚከፍላቸውም አገኙ። አሜሪካ ያልሰጠቻቸውን ነው የሰጧቸው። የ90ዎቹ አብዛኛው ጥቁር ወጣት ሂፕሆፕን መምረጡም እውነት ነው።

ግን እስቲ ይታይ። ትሬዞር የራሱን አሳታሚ ሲከፍት የመጀመሪያ ሸክላው የማን ነበር? የአንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ልጆች ኤክስ-101 በሚል ስም የሠሩት ነው። በ1993 ያወጡትን ስብስብ ደግሞ የበርሊንና የዲትሮይት ቃል ኪዳን ነው ያሉት። የዚያን ዘመን በርሊኖች ከማን እንደተማሩ በግልጽ ጽፈዋል። የረሱት በኋላ የመጡት ናቸው። «ቴክኖ» የሚለው ስም ራሱ በዓለም የተሰራጨው በ1988 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ ስብስብ ነው፤ ርዕሱም አዲሱ የዲትሮይት የዳንስ ድምፅ ይል ነበር።

ትተውት ሄዱ የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበለውም። ጥቁሯ ዲጄ ኬሊ ሀንድ በ2021 እስክታርፍ ድረስ ከዲትሮይት ሆና ስትሠራ ነበር። በ2000 በዲትሮይቱ ሙዚቀኛ በካርል ክሬግ ጥበባዊ መሪነት ሃርት ፕላዛ በሚባለው የከተማዋ አደባባይ ላይ የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ዛሬም በየግንቦቱ ይካሄዳል። አንድ ዓመት ሄጄ አይቻለሁ። ያኔ በነፃ ነበር፤ አሁን መግቢያ ይከፈላል። ከወንዙ አጠገብ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው የተቀመጡ፣ የእናቴ እኩያ የሆኑ ጥቁር ሴቶች አየሁ። አንዷ ገና በመጀመሪያው ምት ዘፈኑን አውቀው ብድግ አሉ። ትከሻቸው እንዴት እንደሚሄድ! በርሊን ውስጥ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው በዚያ ሙዚቃ እንዲያ ሲጨፍር አላየሁም።

ገንዘቡስ? በ1999 ዲጄ ሮላንዶ ከአንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ጋር «ናይትስ ኦፍ ዘ ጃጓር» የሚል ሥራ አወጣ። ዓለም ወደደው። የሶኒ የጀርመን ቅርንጫፍ ያለ እነሱ ፈቃድ ኖታ በኖታ የሚመስለውን ቅጂ አሠራ። ትንሿ አሳታሚ ጠበቃ የመግዛት አቅም አልነበራትም። ከየአገሩ ያሉ አድማጮች በኢሜይል ቁጣቸውን አዘነቡት፤ ሶኒም ወደኋላ አለ። «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የስሜት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። እንጀራ ነው። በነገራችን ላይ ሮላንዶ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው የዲትሮይት ልጅ ነው። «ቴክኖ የጥቁር ብቻ ነው» ለሚሉ ወገኖቼም ይህን እነግራቸዋለሁ። ከተማዋ የእነዚህ ሁሉ ናት።

እኔም የደረሰብኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሐበሾች ሆነን አንድ ክለብ በር ላይ ተሰለፍን። ያን ሌሊት የሚጫወተው ከዲትሮይት የመጣ ጥቁር ዲጄ ነበር፤ ለእሱ ብለን ነው የሄድነው። ሁለት ሰዓት ያህል በብርድ ቆምን። ተራችን ሲደርስ በረኛው አየንና ራሱን ነቀነቀ። ከፊታችን የተመለሱ ነጮችም ስለነበሩ በቀለማችን ነው ብዬ መማል አልችልም። ግን ዘወር ብዬ ሰልፉን ሳየው ከእኛ በቀር አንድም ጥቁር አልነበረም። የእግር ከበሮው በግድግዳው ውስጥ ያልፍና ደረታችን ላይ ያርፍ ነበር። ታክሲ እስክናገኝ አልተነጋገርንም። በመጋቢት 2024 የበርሊን ቴክኖ ጀርመን በዩኔስኮ ስምምነት በምታስተዳድረው የማይዳሰሱ ቅርሶች አገር አቀፍ መዝገብ ሲገባ ደስ ብሎኛል። ደስታዬ መሀል ግን ያ ሰልፍ ትዝ አለኝ።

ስለ ስልት መለወጥ አጭር ልበል። መለወጡ እውነት ነው፤ ማቆምም አይቻልም። ሮተርዳም ፍጥነቱን ጨምራ ጋበር የሚባለውን ስልት ወለደች። የዲትሮይቱ ሮበርት ሁድ በ1994 «ሚኒማል ኔሽን»ን ሲያወጣ የበዛውን ሁሉ ቆርጦ አጥንቱን አስቀረ። ዛሬ በአጫጭር ቪዲዮ የሚዞረው በደቂቃ ከ150 ምት በላይ የሚሮጥ ነው። የእኛ ወገኖች «ይኼ ፈጣኑማ የነጭ ነው» ሲሉ ይሳሳታሉ። ጄፍ ሚልስ በ1992 የሠራቸውን ያዳመጠ ይህን አይልም። ግን ወንዝ አቅጣጫውን ቢቀይር ምንጩ ይሰረዛል? በርሊን ውስጥ ቤዚክ ቻነል የሚባሉ ሁለት ነጭ ጀርመናውያን አሉ። ደብ የሚባለውን የጃማይካ የሬጌ ስልት ከቴክኖ ጋር አዋሕደው አዲስ ስልት ፈጠሩ። ከዚያ ምን አደረጉ? ጃማይካዊው ሎይድ ባርንስ ኒው ዮርክ ውስጥ ዋኪስ በሚባለው አሳታሚው ያወጣቸውን ሸክላዎች በራሱ ስም መልሰው አሳተሙ። ስልት ተለውጧል፤ ስምም ተጠርቷል። ሁለቱ አይጋጩም።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ እኛ ልጆች ነው፤ ከሁሉም ያሳዘነኝ ይኼ ነው። እንደገና ሙሉ የሚባለው ሙዚቀኛ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ነው የጠራው። ሌላው ሙዚቀኛ ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አውጥቷል። የአዝማሪ ድምፅና ማሲንቆ ከኮምፒውተሩ ምት ጋር ሲነጋገሩ ትሰማላችሁ። ሁለቱንም ሙዚቀኞች መጀመሪያ ያሳተማቸው ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት ዋሽንግተን ያለ 1432 አር የሚባል ትንሽ አሳታሚ ነው። እነዚህ ልጆች ማሲንቆውን ጥለውት ቢሆን ኖሮ ሙዚቃቸው ውስጥ ምን ይሠራል?

ይህም የዛሬ ነገር አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንቲሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ አንድ ካሴት ቀዳ። ቅኝቱ የእኛው ነው፤ ከበሮው ማሽን ነው። በ2013 እንደገና ሲታተም የዓለም ወጣት ሁሉ እየተሻማ ገዛው። ቴክኖ ነው አልልም። ግን ሁዋን አትኪንስ «ኖ ዩፎስ»ን ባወጣበት በዚያው ዓመት፣ ከአገሩ ርቆ የሚኖር አንድ ሐበሻ ከማሽን ጋር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ዜማ እየፈለገ ነበር።

ጸሐፊውን በትሕትና የምጠይቃቸው ያንን የዘመን መስመር እንደገና እንዲስሉት ነው። 1974 ባለበት ይቆይ። ቀጥሎ 1978፣ የበርኒ ዎረል ባስ። 1981፣ ሳይቦትሮን። 1985፣ ሜትሮፕሌክስ። 1987፣ ያለ ባስ መስመር የተሠራው የዴሪክ ሜይ «ስትሪንግስ ኦፍ ላይፍ»። 1988፣ ኬቨን ሳውንደርሰን «ቢግ ፈን»ን ይዞ የእንግሊዝ ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ። ከዚያ 1989ን ያስቀምጡ። 1985 ላይ ቦታ ከተረፈ ደግሞ፣ በትንሹም ቢሆን፣ አንድ አኮርዲዮን ይሳሉልን።